የወንድሜ መኪና የዋጠችው ድምፅ

ማመን ቢያቅታችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ጋራዤ ውስጥ።

ሥራዬ መኪና ላይ አምፕሊፋየርና ስፒከር መግጠም ነው። ሰፈሩን እንቅልፍ ከሚነሱት መኪኖች ግማሾቹ የእጄ ሥራ ናቸው። የሚረግመኝም አይጠፋም።

የዛን ቀን ታላቅ ወንድሜ መኪናውን እየነዳ መጣ። ሳያት ክው አልኩ። ልጁ ማሙሽ የሞተባት መኪና ናት።

«መጣሁ» ብሎት ነበር የኋላ ወንበር ላይ ቆልፎበት የወረደው። ከዛ ከወዳጁ ጋር ወሬ ያዘ... ፀሐዩ ግን ወሬው እስኪያልቅ አልጠበቀም።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና አልሸጥካትም እንዴ?»

«ማሙሽ ውስጧ እያለ?»

አልቀለደም። ፊቱ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል።

«ከኋላዬ ያወራል» አለኝ በሹክሹክታ። «ቃሉ አይለይም... ትንፋሽ ይመስላል። እባክህ ትልቅ ድምፅ ግጠምልኝ። እሱን የሚሸፍን። ካልሆነ ማበዴ ነው።»

ሐዘን ነው አልኩ በልቤ። ወንድሜን ከእብደት የሚያድነው ጩኸት ከሆነ፣ ለጩኸት ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

ኦርጅናል ቴፑን ሳልነካ፣ ድምፁን ከስፒከሩ ሽቦ ላይ ጠልፌ ወደ አምፑ ወሰድኩት። ሞተሩን አስነሳሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ።

እንዲህ ዓይነት መኪኖች ጣሪያቸው ውስጥ ትንሽ ማይክ አላቸው። ማይኩ የሞተሩን ጉርምርምታ ይሰማል፣ ቴፑ ደግሞ ዘፈን ባይከፈትም ተቃራኒውን ድምፅ በስፒከር ይለቃል። ሁለቱ ይጠፋፉና ተሳፋሪው ጸጥታ ያገኛል። አምፕ ሲጨመር ግን ነገሩ ይዛባና ስፒከሩ ማላዘን ይጀምራል። ስለዚህ ማይኩን እንነቅላለን። በዚህ ሥራ ያለ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሳላስብ እጄን ሰደድኩ።

ነቀልኩት።

የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ። ከሱ ጋር...

«አባዬ...»

ቴፑ ዝግ ነው። ድምፁ ከስፒከር አልወጣም። ከኋላ ወንበር ነው።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

ቀበቶው ግን ታስሯል። ባዶ ወንበር ላይ... ደረት ላይ እንዳረፈ ከፍ ዝቅ ይላል።

ያኔ ገባኝ። መኪናዋ እስከዛሬ ድምፁን ከሞተሩ ጋር አብራ ስትውጥለት ኖራለች። ወንድሜ የሚሰማው ትርፍራፊውን ነበር። እኔ ሙሉውን ለቀቅኩበት።

«አባዬ... ሞቀኝ።»

መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ወንድሜም ሰማ። ሊሸሽ ነው ስል የኋላውን በር በርግዶ ገባ። እያለቀሰ ቀበቶውን ይጎትታል።

«መጣሁልህ የኔ ጌታ! ይቅር በለኝ... ይኸው መጣሁ!»

ቀበቶው ተፈታ።

ከዛ ያ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ ልጅ ልጅ እንዳለ...

«አባዬ፣ አንተ ቁጭ በል። መጣሁ።»

ጠቅ... ቀበቶው ወንድሜ ደረት ላይ ታሰረ።

ድምፁ ይጥፋልኝ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ማይኩን መልሼ ሰካሁት።

ስፒከሩ ማላዘን ነበረበት። አላላዘነም።

ሁሉም ነገር ጭጭ አለ። የማሙሽም ድምፅ፣ የሞተሩም... የወንድሜም።

አፉ በሰፊው ተከፍቷል። የአንገቱ ሥር ተገትሯል። እየጮኸ ነው። አንዳች አይሰማም።

«ጋሼ! ጋሼ!» የራሴን ድምፅ እሰማለሁ። የሱ ግን የለም።

ማይኩን ነቀልኩ። ባትሪውን ፈታሁ። ቀበቶውን በቢላ ቆርጬ ወደ ውጭ ጎተትኩት። ፀሐዩ ላይ ተንበርክኮም ይጮኻል... ያለ ድምፅ።

አሁን እናታችን ቤት ነው። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ደህና ነው አሉን።

«ምን እያለ ነው? አንተ በዛ ሁሉ ጩኸት ስትሠራ ከንፈር ማንበብ ለምደህ የለ» ትለኛለች እናቴ።

«አንቺን እየጠራ ነው» እላታለሁ። ውሸቴን ነው። የሚለው «ክፈቱልኝ» ነው። ጠዋትም ማታም «ክፈቱልኝ»።

ትናንት ምሳ ላበላው ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። እሱን ግን ላብ ያጠምቀዋል።

እጆቹን ወደ እኔ ዘረጋ። መዳፎቹ በመሃላችን፣ ባዶ አየር ላይ... ተለጠፉ። ጣቶቹ መስታወት የነኩ ይመስል ጠፍጠፍ አሉ።

ትንፋሹ እዛው አየር ላይ አርፎ ጉም ሠራ።

ጉሙ ላይ፣ ከእኔ በኩል... አንዲት ትንሽ መዳፍ ቀስ ብላ ታተመች።