ሻማዋን እፍ ያልኩ ለታ

ማኅበር መግባቴን ለእናቴ ስነግራት «የማን ነው? የማርያም ነው የገብርኤል?» አለችኝ። የሁለቱም አይደለም። እዚህ ፈረንጅ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሶሮሪቲ የሚባል፣ ስሙ ሦስት የግሪክ ፊደል ብቻ የሆነ፣ ስልሳ ሴት ተማሪዎች እህትማማች ነን ብለው ቃል የተገባቡበት ማኅበር ነው። እናቴ አልገባትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙም አልገባኝም፤ ግን ሣህሊቱ ማለት ሲከብዳቸው «ሳሊ» ብለው ያቀፉኝን ልጆች ወደድኳቸው።

አንድ ሰኞ አመሻሽ ከላብራቶሪ ዘግይቼ የማኅበራችን ቤት ስደርስ መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም ክብ ሠርተው ቆመዋል። አንዲት የበራች ሻማ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ ልጆቹ በቀስታ ይዘምራሉ። የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ጓደኛዬ ክሌር አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ሻማዋ እኔ ጋ ስትደርስ ሰሙ ጣቴ ላይ ጠብ አለ። አቃጠለኝና እፍ አልኳት።

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ስልሳ ልጅ ተረባረበብኝ። ለካ ወጉ እንዲህ ነው፤ ከመሃላቸው አንዷ ስትታጭ ማን እንደሆነች ሳይነገር ሻማ ይዞራል፣ እፍ ብላ ያጠፋችው እሷ የታጨችው ናት። የዚያን ቀን ባለተራዋ ክሌር ነበረች። ሻማዋን እንደገና ለኩሰው አዞሯትና እሷም እፍ አለች። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ ሁለታችንም በአንድ ቀን ታጨን እያለች በደስታ አለቀሰች።

ተሳስቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። እንዲህ እያለቀሰች እንዴት ብዬ? ማነው ሲሉኝም አንገቴን ደፋሁ፤ እፍረት መሰላቸው። እኔን ያደናገረኝ ግን ሌላ ነው። «ማነው?» ባሉኝ ቅጽበት ፊቴ ድቅን ያለው እሴይ ነበር።

እሴይ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ባቡር ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነው። እኔ ከሬኒየር ቢች ጣቢያ፣ እሱ ከኮሎምቢያ ሲቲ እንሳፈራለን። መሃል ከተማ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠሩበት ቤት ነው የሚሠራው፤ የተሳፋሪውን ጥርስ ሁሉ በዓይኑ እየገመገመ ያስቀኛል። የእኔን ሲያይ ግን ምንም አይልም። ዝም ብሎ ያያል። ጓደኛዬ ይሁን ከዚያ በላይ አላውቅም፤ እጄን እንኳ ይዞ አያውቅም።

በዚያው ሌሊት ማኅበሩ የእኔንና የክሌርን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ አወጣው፤ ሁለት እህቶቻችን ታጩ ይላል። ማክሰኞ ጠዋት እሴይ ባቡሩ ውስጥ አልነበረም። ረቡዕም የለም። ሐሙስም የለም። ቴክስት ሳደርግለት «ቢዚ ነኝ» አለኝ። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ጠፋኝ። ምንም ያልተባባልን ሰዎች ነን፤ ቢርቀኝ ምን አስከፋኝ? እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ ማኅበርተኞቼ ጾም አዘውብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አርብ ኮሎምቢያ ሲቲ ወርጄ ጠበቅኩት። ሁለት ባቡር አለፈኝ። ሦስተኛው ሲቆም እሴይ ወደ መጨረሻው ፉርጎ ሲገባ አየሁትና ሮጬ ተከተልኩት።

«ኮንግራጁሌሽን» አለኝ፣ መስኮቱን እያየ።

«አልታጨሁም፣ እሴይ።»

«ፖስት አድርገውት አየሁ እኮ።»

ስለ ሰሙ፣ ስለ ክሌር፣ ስለ ይሉኝታዬ እየተጣደፍኩ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ሦስት ቀን በቅጡ ሥራ አልሠራሁም። አንዱን ጥርስ ሁለቴ አበላሸሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ሶ… ማነው ሲሉሽ ማን አልሽ?»

«ማንንም አላልኩም።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። አሁን ካልተናገርኩ ይህ ልጅ ሌላ ፉርጎ ሊለምድ ነው።

«በአፌ ማንንም አላልኩም» አልኩት። «በልቤ ግን አንተን ነው ያልኩት።»

ማውንት ቤከር ደረስን። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። እሴይ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳውን አነሳና ጭኑ ላይ አደረገው። ተቀመጥኩ። ጆሮው ቀልቷል፤ የእኔም ፊት ሳይቀላ አልቀረም።

ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሰኞ ስብሰባ እንዳለን ነገርኩት። ስልሳዎቹ ፊት ቆሜ ስህተት መሆኑን ልናገር፣ ክሌርንም ይቅርታ ልጠይቅ ቆርጫለሁ። እሴይ እጄን ያዘኝ።

«ክሌርን ይቅርታ ጠይቂያት» አለኝ። «ስህተት ነው ማለቱን ግን እስቲ ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ አባቴን ስለ ሽማግሌ ላናግር።»