ጣና በቆርቆሮ ውስጥ

አለበልን ዓሣ አስጋሪዎች ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል መሐል ጎትተው ሲያወጡት ክቡን የፊልም ቆርቆሮ ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ነበር። ከእጁ ለማላቀቅ ሁለት ሰው ታገለ።

ሃምሳ አለቃ ፀሐይወርቅ ከጣቢያ ተጠርታ ሐይቁ ዳር ስትደርስ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደሞዝ ቀድሟት ቆሟል። ሬሳው ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። የደሞዝ ዓይን ግን ከነጠላው ይልቅ ቆርቆሮው ላይ ነበር።

«ባትደክሚም ይቻል ነበር» አላት። «ገዳዩን ይዘነዋል። ኑርሑሴን ነው።»

ፀሐይወርቅ ግን መድከም የምትወድ ሴት ነበረች፤ ማዕረጓ ካለበት ሳይነቃነቅ ብዙ ዘመን የኖረውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። ጎንበስ ብላ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። የልጁ ፊት ላይ ከፍርሃት ይልቅ ቅሬታ ያየች መሰላት። ሬሳ አይቀየምም ብላ ራሷን ገሠጸችና ታንኳ ወደሚታሰርበት የድንጋይ መውረጃ ሄደች።

መውረጃው ጫፍ ላይ ረጅም የቀርከሃ የታንኳ መግፊያ ተጋድሟል። ትንሽ ራቅ ብለው ሰዎች መረብ ይጠግናሉ፤ ልጁ በጠፋበት በትናንቱ ምሽትም እዚያው ነበሩ።

«ጩኸት ሰምታችኋል?»

«ምንም አልሰማነም» አለ አንዱ። «ድረሱልኝ ቢል በዋና እንደርስለት ነበር። ሲወድቅም፣ ሲጣላም አልሰማነም።»

ነገሩ የጀመረው በፊልም ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ የምሥራቅ ጀርመን ከተማ የወጣቶች ክበብ ለባሕር ዳሩ ቀበሌ ወጣቶች ፊልምና ሥዕል ተልኮ መጣ። በፊልሙ ውስጥ ልጆች ግድግዳ ላይ ሲሥሉ፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይም ሲንሸራተቱ ይታያሉ። የቀበሌው ሰው ሐይቅ ላይ በእግር ሲኬድ አይቶ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ። ልጆቹም በምላሹ ጣናን ቀርጸው፣ ሥዕል ጨምረው ሊልኩ ተነሡ። ካሜራው የጀርመኖቹ ስጦታ ነበር። የነጋዴ ልጅ ኑርሑሴን ይቀርጻል፤ አለበል ፊልሙን እየቆረጠ ይቀጥላል፤ ወለላ የምትባል ልጅ ትሥላለች፣ አለበልንም ታግዘዋለች፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ጋሽ ወልደ ገብርኤል ደግሞ ፕሮጀክተሩን ያንቀሳቅሳሉ። ፊልሙ ውጭ አገር ታጥቦ እስኪመለስ ወራት ፈጀ። ቅዳሜ የጀርመን እንግዶች መጥተው ሊያዩትና ይዘውት ሊሄዱ ነበር። ከቡድኑም አንድ ሰው አብሯቸው እንዲሄድ ተፈቅዶ የተመረጠው አለበል ነው።

«ኑርሑሴን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ‹ስሜን ከፊልሙ ብታወጣ ሐይቅ እከትሃለሁ› ብሎታል» አለ ደሞዝ። «ቅዳሜ ዝግጅቱ ሲያበቃ ለደኅንነት እናስረክበዋለን። አሻጥረኛ ነው።»

ለደኅንነት የተሰጠ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሁለቱም ያውቃሉ። ፀሐይወርቅ ቆርቆሮው ይቀመጥበት ወደነበረው የቀበሌ ዕቃ ቤት እንዲወስዳት ጠየቀችው። ቁልፉ አልተሰበረም፤ እንደወትሮው ተቆልፏል።

«ቁልፍ ያለው ማን ማን ነው?»

«እኔ፣ አለበልና ወልደ ገብርኤል። ወልደ ገብርኤል እንኳን የታመነ ሰው ነው። ታላቅ ልጁ ሰሜን ላይ ተሠውቷል። ታናሹ አዘዘ ነው ያሳፈረው፤ ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ጠፋ። ይፋግ ከተማ አጎቱ ዘንድ ነው ቢሉን ብናስፈልግ የለም። እጃችን የገባ ዕለት ለሌላው መቀጣጫ ይሆናል።»

ኑርሑሴን ከንፈሩ አብጦ በቀበሌው እስር ቤት ጥግ ተቀምጧል። ፀሐይወርቅ አብዮት ጠባቂውን ከበር አስወጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ዝቸበታለሁ» አላት ሳይጠየቅ። «ስሜን መልሶ አስገባው፣ ታረቅን። ደሞ እኔ እሱን ውኃ ውስጥ ብጥለው መልሸ ማውጣቴ ይቀራል? እሱ ዋና አይችልም፤ እኔ ግን እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው ያደግሁ።»

«እንዴት ሰነበተ ግን?»

«ከሰኞ ወዲህ ልክ አልነበረም። ፊልሙ እንደመጣ አራታችን አየነው፤ እኔ፣ እሱ፣ ወለላና ጋሽ ወልደ ገብርኤል። የታንኳዎቹ ቦታ ላይ ሲደርስ አለበል ጸጥ አለ። ጋሽየም ጸጥ አሉ። ቆንጆ ነው ስል የመለሰልኝ የለም።»

«ምን አለ እዚያ ቦታ?»

«ማገዶ ሸጠው ወደ ዘጌ የሚመለሱ ታንኳዎች ናቸው። አንዱ ላይ ነጠላ የተከናነበች ሴት አለች። ነፋስ ነጠላዋን ሲገልጠው ዘወር ትላለች። ፊቷን ልብ አላልሁትም፣ የነጠላውን አነሣስ ነበር የማየው። ከቀረጽሁት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።»

ወለላን በቀበሌው ግቢ አገኘቻት። ፊልሙን በንጹሕ ውኃ አጥባ በየዛፉ በታሰረ ገመድ ላይ አስጥታዋለች። ዓይኗ አብጧል።

«እሱን ማዳን አልቻልንም» አለች፤ «ሥራውን እንኳ ላድንለት።»

ፀሐይወርቅ ገመዱን ተከትላ በቀስታ ሄደች። የታንኳዎቹ ምስል ጋ ስትደርስ ፕላስተር የተለጠፈበት መጋጠሚያ አየች።

«ይኸ ያንቺ ቅጥል ነው?»

ወለላ ቀረብ ብላ አየችው። «የአለበል ነው። ሰኞ ስናይ እዚህ ቦታ ላይ መጋጠሚያ አልነበረም።» ፊልሙን ወደ ፀሐይ አነሣችና ግራ ገባት። «ሴትዮዋ የለችም። ለምን ቆረጣት? ኑርሑሴን ይሞትላታል እኮ።»

ከዚያ ወደ አለበል እናት ቤት ሄደች። እትየ ወለተ ኪዳን ለቀስተኛ ከቧቸው ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ላይ የልጁ ጃኬት ተሰቅሏል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ፀሐይወርቅ ወደ ጓዳ ይዛቸው ገብታ ስለ ሰኞ ማታ ጠየቀቻቸው።

«ከሰል ላይ የሆነ ነገር አቃጠለ» አሉ። «ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር። ምንድን ነው ስለው ‹የሰው ነፍስ ነው እማ፣ አትጠይቂኝ› አለኝ። እኔም አልጠየቅሁት። በዚህ ጊዜ የማይጠየቅ ነገር አለ ብየ ተውሁት። ብጠይቀው ይተርፍልኝ ነበር?»

ፀሐይወርቅ እጃቸውን ይዛ ቆይታ ወጣች። ከደጅ ስትደርስ የጠረጠረችው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ተገናኘ፤ ደስ ግን አላላትም።

ጋሽ ወልደ ገብርኤል አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተሩን ፈተው ያጸዱ ነበር። ትልቅ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ከአቃቂ በፋብሪካ ሥራ መጥተው ባሕር ዳር የቀሩ። ሲያለቅሱ ያደሩ መሆናቸው ያስታውቃል።

«ፊልሙ ደርቋል፤ ነገ ሞክረን እንየው» አለቻቸው።

«የረጠበ ፊልም ማሽኑን ያበላሻል።»

«ደርቋል እያልሁዎ።»

«ቢደርቅም አልወደውም። ቅዳሜ ባይታይ ይሻላል። ልጁ ሞቶ ምን ፊልም ያስፈልጋል?»

ንግግራቸው ለሐዘንተኛ የሚገባ ነበር። ፀሐይወርቅ ግን ቀድሞ የጸዳውን መስታወት መልሰው መላልሰው ሲወለውሉት አየች።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኑርሑሴን በአብዮት ጠባቂ ታጅቦ መጣ። ወለላ ፊልሙን ጠቅልላ አመጣች። ለእንግዶቹ መድረሱን እንፈትሽ ስትል ደሞዝ ደስ ብሎት ከፊት ተቀመጠ፤ እሱ ባለበት ወልደ ገብርኤል እንቢ ሊሉ አይችሉም። መስኮቱ ተዘጋ፣ ፕሮጀክተሩ መንጫጫት ጀመረ።

ለመታያ በተወጠረው ነጭ አንሶላ ላይ ጣና ነጋ። ገበያው መጣ፣ የወለላ ሥዕሎች መጡ፣ ውኃ ዳር የሚራጩ ልጆች መጡ። ታንኳዎቹ ገና ከሩቅ ብቅ ሲሉ አንሶላው በአንድ ጊዜ ጨለመ። መብራት የሄደ የመሰላቸው ነበሩ። ዘወር ሲሉ ወልደ ገብርኤል በሰፊ መዳፋቸው የፕሮጀክተሩን ዓይን ሸፍነው ቆመዋል።

ፀሐይወርቅ ሄደች፣ እጃቸውን ያዘችና በቀስታ አነሣችላቸው።

«ግድ የለም ጋሽየ» አለች። «ይዩት።»

ታንኳዎቹ አለፉ። ቀጥሎ ወፎች ከውኃው ተነሡ። በነጠላ የተከናነበች ሴት የለችም። ኑርሑሴን «የኔ...» ብሎ አፉን ሲከፍት ፀሐይወርቅ ዓይን ዓይኑን አየችው፤ ዘጋው። ወልደ ገብርኤል አንሶላውን እያዩ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው ይኸ?» አለ ደሞዝ።

«ዕቃ ቤቱ በቁልፍ ነው የተከፈተ» አለች ፀሐይወርቅ። «ኑርሑሴን ቁልፍ የለውም። የአለበልን እናቱ ቤት ጃኬቱ ውስጥ አግኝቸዋለሁ። የቀረው የርስዎና የጋሽ ወልደ ገብርኤል ነው። እርስዎ ደግሞ ይኸ ፊልም እንግዶቹ ፊት እንዲታይ እንጂ እንዲጠፋ የሚፈልጉ ሰው አይደሉም፤ ሹመት የሚጠብቁበት ነው።»

ደሞዝ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«መውረጃው ላይ የታንኳ መግፊያ ነበር። ለልጁ ቢዘረጋለት ይወጣ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹን ቢጠሩለት ይደርሱ ነበር። እዚያ የቆመው ሰው አልዘረጋም፣ አልጠራም። ለምን ብየ ሳስበው፣ ሰው ቢመጣ አለበል ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ቆርቆሮውም ይወጣል። እንግዲህ ፊልሙ እንዲሰምጥ የፈለገ ሰው ነው። ኑርሑሴን ደግሞ የቀረጸው እሱ ነው፤ የገዛ ዓይኑን አውጥቶ አይጥልም። ፊልሙ ባይታይ ይሻላል ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አሁንም ሁላችን ዓይናችንን አፍጥጠን ስናይ የሸፈኑት እሳቸው ናቸው።»

«ምን ሊደብቅ?» አለ ደሞዝ። «ምንም የለም እኮ። ታንኳ ነው ያየነው።»

ፀሐይወርቅ የቀረውን ታውቀዋለች። ነጠላ የተከናነበችው ሴት አዘዘ ነበር፤ ከውትድርና ሸሽቶ ዘጌ ሊደበቅ ሲሻገር ካሜራው ይዞታል። ሰኞ ዕለት አባቱም አለበልም አውቀውታል፤ ማንም ለማንም አልተናገረም። አለበል ያንኑ ማታ ቆርጦ አወጣው፣ አቃጠለው። ይህን አሁን አፍ አውጥታ ብትናገር አብዮት ጠባቂዎች ሳይመሽ ዘጌ ይገባሉ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ ትታ አታውቅም ነበር።

ወልደ ገብርኤል ቀና ብለው አይዋት። ማወቋንም፣ እንደማትናገርም ገባቸው።

«ቅናት ነው» አሉ። «የኔ ልጅ ሰሜን ላይ ቀርቶ የሰው ልጅ በካሜራ ተጫውቶ ጀርመን ሲሄድ ማየት አቃተኝ። አሁንም ሥራውን ማየት አቅቶኝ ነው የሸፈንኩት። እኔ ነኝ። ልጁን ፍቱት።»

ወለላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ደሞዝም አሻጥረኛው ቢያመልጠውም ፊልሙ ስለተረፈለት ኑርሑሴንን ልቀቁት አለ።

ፀሐይወርቅ እጃቸውን ሳታስር ወደ ጣቢያ ወሰደቻቸው። በሐይቁ ዳር ሲሄዱ ሳትጠይቃቸው ተናገሩ።

«ቆርቆሮውን ሐይቅ ልጥለው ይዤ ስሄድ መውረጃው ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ጋሽዬ፣ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ፣ አቃጥዬዋለሁ አለኝ፤ በለሆሳስ ነበር የሚያወራኝ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ። አላመንኩትም። ጀርመን መሄድ ስለፈለገ ነው የሚሸነግለኝ አልኩ። ስንታገል ከነቆርቆሮው ወደቀ። መግፊያውን አይቼዋለሁ፤ እግሬ ሥር ነበር። አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛውን አልቀብርም አልኩ። እሱም አልጮኸም። ሰው ቢመጣ ምን ሆናችሁ ይለናል፤ ያንን ፈርቶልኝ ነው። እስኪሰምጥ ድረስ ያየኝ ነበር።»

ፀሐይወርቅ አለቀሰች። የፖሊስ ልብስ ለብሳ መንገድ ላይ ማልቀሷ ምንም አልመሰላትም።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉ ሽማግሌው። «አዘዘ መስማቱ አይቀርም። በቅናት ነው የገደለው ብለው ይንገሩት። በሱ የተነሣ መሆኑን አይወቅ።»

«ይጠላዎታል እኮ።»

«ይጥላኝ። የዚያን ልጅ ደም ተሸክሞ ከሚኖር እኔን ጠልቶ ይኑር።»

እሺ አለቻቸው፤ እሺ ያለችውንም ጠበቀች። ዘመኑ ተለውጦ አዘዘ ከዘጌ ሲወጣ አባቱ ገና እስር ቤት ነበሩ። አንድም ቀን ሊጠይቃቸው አልሄደም።