ትሪውን አዙሪው

ኦቨኗን በሌላ ሰው አሠራችና የምትወደውን ሰው አጣች። ነገሩ ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «ቶሎቶሎ» ይላታል፤ እሷ እጅ የገባ ጨርቅ ሳይሰፋ አያድርም። ኦቨኗን ሊጠግን የመጣው ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ብሎን ሲፈታ እንኳን ብሎኑን እንዳያመው የሚሳሳ ዓይነት ሰው ነበር።

መጀመሪያ የመጣ ቀን አንገቱን ኦቨኑ ውስጥ ከትቶ ቆየ፣ ቆየ...

«ወንድሜ፣ ተኛህ እንዴ?»

«አንዱ ማሞቂያ ሽቦ ተቃጥሏል። በቀኝ በኩል አይግልም።»

«ቀይረዋ!»

«ዕቃው የለም። እስኪገኝ፣ ስትጋግሪ መሀል ላይ ትሪውን አዙሪው።»

ድንች፣ ዝኩኒና ቲማቲም በስሱ ቆራርጣ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ለውሳ ትሪ ላይ ደርድራ ነበር። አብሯት ጠበቀ። በራሱ እጅ አዞረላት። ሲበስል ቀመሰና ትሪውን ትኩር ብሎ አየ።

«ምነው? ጨው በዛ?»

«አይ... ቅዳሜም ትሠሪያለሽ?»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

«ዕቃው መጣ?»

«ገና ነው።»

«በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ስትለው ይስቃል።

ጨዋታው ሞቅ ሲል ግን እሷ ብድግ ትላለች፤ ትሪ ልታዞር። አንድ ቀን እጇን ያዘ።

«ተዪው... ይረር።»

«ኧረ ድንቹ!» ብላ እጇን አስለቅቃ ሮጠች።

ሳምንቱን ሙሉ አንገበገባት። ምናለ ባልተነሣሁ! ሁለተኛ ከአጠገቡ የሚያስነሣኝ ነገር አይኖርም ብላ ሌላ ጠጋኝ ጠራች። ሰውየው ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀበትም።

ቅዳሜ ሲመጣ በር ላይ ጠበቀችው። ደስታው አላስችል ብሏታል።

«አንተን ስጠብቅ ላረጅ ነው! አሠራሁት፤ ተገላገልኩ!»

ፊቱ ልውጥ አለ።

«ማን ሠራው?»

«ሌላ ሰው።»

«ጥሩ ነው... ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?»

«ልትበላ ነዋ!»

ቀልዷ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ትንሽ ቀማመሰና «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። «ለካ ለሥራው ብቻ ነበር የሚመጣው» አለች። ስልኩን አነሣች፣ አስቀመጠች። በሁሉ ነገር ስትቸኩል የኖረች ሴት ለዚህች ብቻ ዘገየች።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ቅዳሜ አዲስ ደንበኛ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ቶሎቶሎ ወገቧን ስትለካት የአትክልቱ ሽታ ከጓዳ መጣ።

«ወይኔ፣ ምን እየጋገርሽ ነው? ወንድሜ እንዲህ የምትሠራ ሴት ወድዶ ነበር። የእኔ ሞኝ! የኦቨኗን ሽቦ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል። ‹ከቀየርኩላት ምን ብዬ እሄዳለሁ?› ይለኛል!»

የቶሎቶሎ እጅ ሜትሩ ላይ ቀረ።

«ከዚያስ?»

«በሌላ ሰው አሠራችዋ! ‹አትምጣ ማለቷ ነው› ብሎ ቦርሳውን ወረወረው። ስልኩን እያየ ስንት ቀን ሲንገላታ ከረመ መሰለሽ...»

«ለምን አልጠየቃትም?»

«እሷስ ለምን አልደወለችም? አንቺ... ኧረ አጠበቅሽው!»

ሜትሩን ላላ አደረገች።

«ቀሚሱ... ለምንድን ነው?»

«ለሱ ሰርግ ነዋ! ለሚቀጥለው እሁድ ይደርሳል አይደል? ‹ቶሎቶሎ› እያሉሽ!»

«ይደርሳል።»

ሸኘቻት። ጓዳ ገብታ ኦቨኑን ከፈተች። ግራና ቀኙ እኩል ቀልቷል። ትሪውን አውጥታ አዞረችውና መልሳ ከተተችው።

ከዚያ መቀሷን አንሥታ የቀሚሱን ጨርቅ መቁረጥ ጀመረች።