የመምህር ተክለ ጊዮርጊስ አወዳደቅ

መምህር ተክለ ጊዮርጊስ በሚያስተምርበት የጦር ትምህርት ቤት አሮጌ ማማ ውስጥ፣ ከጠመዝማዛው ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ የተገኘው በነሐሴ 1948 ዓ.ም.፣ ዝናቡ ሲወርድ ባደረበት ማለዳ ነበር። ከአራዳ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራው ሻምበል ውዱ ከቀሃ ወንዝ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ አዛዡ ኮሎኔል ሐብተ ማርያም በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

«ወድቆ ነው እንዳልል፣ ትናንት አንድ እጩ መኮንን ‹አሳይሃለሁ› ሲለው ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል» አሉ። «የሻው ይባላል። አስሬዋለሁ። ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጡብኛል፤ ዛሬውኑ ጨርስልኝ።»

ውዱ ነገር ሲከነክነው አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም። ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ። የማማው ጉልላት ተሸንቁሮ ዝናብ ያስገባል፤ የጥንቱ ኖራ ሟሙቶ ደረጃው ላይ እንደ አጓት ተኝቷል። ሲመለስ የገዛ ጫማው ነጭ ሆኖ ነበር። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ጫማ አየ። ነጭ ነገር የለበትም። ግራጫ ዱቄት ግን ከእርጥበቱ ጋር ተለውሶ ደርቆበታል፤ የሱሪው ጉልበትም እንደዚያው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ ይመስላል» አሉ ከኋላው የቆሙት የትምህርት ቤቱ መሐንዲስ፣ ሻለቃ ወልደኢየሱስ። «ምን ይደንቃል? በዚህ ከተማ ጣሊያን በሲሚንቶ ያልለሰነው ምን አለ?»

የሻው ከኮላ ድባ የመጣ ረጅም ወጣት ነው። ውዱ ሲገባ እስር ቤቱ ውስጥ ይንቆራጠጥ ነበር።

«ምን አጣላችሁ?»

«ቤቱ፣ ጌታዬ።»

«የቱ ቤት?»

«የምንተኛበት። መምህር ሲያስተምሩን፣ ‹ታችኛው ቤት በነገሥታቱ ዘመን በኖራ የታነጸ ነው፤ ጣሊያን ደግሞ ሰፈር ሊያደርገው ብሎ ላዩ ላይ የሲሚንቶ ፎቅ ጫነበት። ሽማግሌ ከባድ ሸክም ተሸክሟል፤ አንድ ቀን ይወድቅባችኋል› አሉ። እኔ ሳቅሁ። ከክፍል አስወጡኝ፤ ተናድጄ ክፉ ተናገርሁ። እጄን ግን አላነሣሁባቸውም።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ እንኳየሁ ግቢው ውስጥ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ማማው ላይ ወጥቶ ወደቀ ይሉኛል» አለች። «ምነው፣ እሱ እኮ ከፍታ ያዞረዋል! ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም። የልጆቹ መኝታ ተሰነጠቀ እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ ግድግዳ መዝመሙን የሚያይበትን ቱንቢ ይዞ ወጣ።»

ቱንቢው ከሬሳው ዘንድ አልነበረም።

ውዱ ወደ ኮሎኔሉ ተመለሰ። «ከመኝታ ቤቱ ሥር ምን አለ?»

«ምድር ቤት። ለመድፍ መጋዘን እያሠራነው ነው። ቁልፉ ያለው እኔና ሻለቃው ዘንድ ብቻ ነው። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሥራው ከተጀመረ ወዲህ አልወረድሁም።»

ውዱ ቁልፉን ተቀብሎ ብቻውን ወረደ። ከምድር ቤቱ ወደ ማማው የሚያሻግር፣ በሩ በዚያው ቁልፍ የሚከፈት ጠባብ መተላለፊያ አለ። መሬቱ የሲሚንቶ ዱቄት ለብሷል። መሀል ላይ ቆሞ የነበረው የድንጋይ ዓምድ ከሥሩ ተቆርጦ ተነሥቷል፤ በምትኩ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ቆመው ጎብጠዋል። ከሲሚንቶ ከረጢቶቹ ጀርባ ቱንቢው ወድቋል። ሻምበሉ ቀና ብሎ የጣሪያውን ስንጥቅ አየ። ከዚያ እየሮጠ ወጣ።

ወዲያው ሁሉንም ከመኝታ ቤቱ ደጅ ሰበሰባቸው። የሻውም ከእስር ወጥቶ መጣ።

«መምህሩ ከማማው አልወደቁም» አለ ውዱ። «ደረጃውን የረገጠ ሁሉ ጫማው ነጭ ይሆናል፤ የእሳቸው ግራጫ ነው። የሞቱት ሲሚንቶ ባለበት፣ ተንበርክከው ሲለኩ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በመተላለፊያው ተጎትተው ማማው ውስጥ ተጣሉ። የሻው ቁልፍ የለውም። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ኮሎኔሉ ቀሉ። «እኔን ነው?»

«አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። አንድ ጓድ ተማሪ ተሰልፎ እግሩን እየመታ መኝታ ቤቱ ይግባ።»

«ይግባ! እኔም ከፊታቸው እገባለሁ» አሉና ኮሎኔሉ በንዴት ወደ በሩ ተራመዱ። ሰልፉ ከኋላ ቀረበ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«አቁሙ!» ሻለቃው ጮኹ። «አይግቡ! ይደረመሳል!»

ሰልፉ ቆመ።

«እንደሚደረመስ በምን አወቁ?» አለ ውዱ ቀስ ብሎ። «ኮሎኔሉ አላወቁም፤ ሊገቡ ነበር። ዓምዱ መነሣቱን ያወቀ፣ ቁልፍም የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዝም ቢሉም ኖሮ ሰልፉን የሚመራው አሥር አለቃ አስቀድሜ ስላዘዝሁት ተማሪዎቹን ከደጅ ያስቆማቸው ነበር፤ ኮሎኔሉንም እኔ እይዛቸው ነበር።»

ሻለቃው ከደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «መድፎቹ አላልፍ አሉ፤ ዓምዱን አስነሣሁት። ከእንግዶቹ በኋላ አጠናክረዋለሁ ብዬ ነበር። ማታ ምድር ቤቱን ከፍቼ ስሠራ ግን እሱ ቱንቢውን ይዞ ገባ፤ አሁኑኑ ለኮሎኔሉ እነግራለሁ አለ። እጄ ላይ ዲጅኖ ነበረ...»

«ልጆቹስ?» አለች ወይዘሮ እንኳየሁ። «ትናንትም ተኝተውበት አደሩ እኮ!»

ሻለቃው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ለሻምበሉ ዘረጉ።

ያን ቀን ተማሪዎቹ ፍራሻቸውን እየተሸከሙ ወጥተው ሜዳው ላይ ድንኳን ተከሉ። ከዘመን መለወጫ በፊት በአንድ ረፋድ የመኝታ ቤቱ ግንብ ተናደ፤ ድምፁ ፒያሳ ድረስ ተሰማ። ወይዘሮ እንኳየሁ ከቤቷ ወጥታ እየሮጠች ስትመጣ የሻውን መንገድ ላይ አገኘችው፤ ሊነግራት እየመጣ ነበር።

«ማን ነበረበት?» አለች ክንዱን ይዛ።

«ማንም፣ እትዬ። አንድም ሰው አልነበረበትም።»

ያኔ ነው ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው።