ስኔሩ የሰማው ድምፅ

ይህን ማንም አልነገረኝም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... እኔ ግን ዋሽቼ የማተርፈው ነገር የለም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኛ ግን ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ስቱዲዮ ውስጥ ነን።

ድራም መቺ ነኝ። ያን ቀን የምንቀዳው የታናሽ እህቴን የመጀመሪያ ዘፈን ነው። ሚጣ እላታለሁ። እናትና አባታችን በልጅነቷ ስላለፉ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስጠራት "አቤት ጋሼ" ብላ ትመጣለች እንጂ ለምን አትለኝም።

እኔ ከድራሜ ጋር በአንዱ ክፍል፣ እሷ አጠገቤ ባለው ጠባብ የድምፃዊ ክፍል ገብተናል። በመስታወቱ ማዶ ቀረጻውን የሚመራው ጓደኛዬ ተቀምጧል። ሁሉም "ጆሮ" ነው የሚለው። ትንኝ ብታስነጥስ ይሰማል ይሉታል።

መድረክ ላይ ብትሳሳት ጭብጨባው ይሸፍንልሃል። ስቱዲዮ ግን ገመና አይሸፍንም። የወንበርህ ሲጥታ፣ የትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ማለት... ሁሉም ይቀዳል። ስለዚህ ወንበሬን ዘይት ቀብቻለሁ። የድራሞቹን ቆዳ አንድ በአንድ ቃኝቻለሁ። ስኔሩ ከልክ በላይ እንዳይጮህ ቁራጭ ጨርቅ ለጥፌበታለሁ።

ስኔር ለማታውቁት፣ "ጠሽ" የሚለው ትንሹ ድራም ነው። ከሥሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥረዋል። አንድ አመል አለው። አጠገቡ ሰው ካወራ ሽቦው አብሮ ይንዘረዘራል።

ዝዝዝ... ይላል። ጨዋታ እንዳማረው ሰው።

የመጀመሪያውን ዙር ተጫወትን። እንዴት እንዳማረ! የመጨረሻዋን መትቼ ሲምባሉን፣ የሚንሿሿውን የናስ ሳህን፣ በጣቶቼ ያዝኩት። ጸጥ።

ዝዝ... ዝዝዝ... ዝዝ...

"ማነው የሚያወራው?" አለኝ ጆሮ በማዳመጫው።

"ማንም።"

"ሽቦው ይንዘረዘራል እኮ!"

"እየሰማሁት ነው።"

"የአየር ማቀዝቀዣው ይሆን?"

"አንተ አይደለህ ያጠፋኸው?"



የማሽን ድምፅ ቢሆን ወጥ ነበር። ይሄ ግን ያርፋል... ትንፋሽ ይወስዳል... ይቀጥላል። ረዘም ያለ፣ አጠር ያለ፣ ከዚያ ዝምታ።

ልክ እንደሚለምን ሰው።

የስኔሩን ሽቦ ማላቀቂያ ገፋሁት። ሽቦው ከቆዳው ለቀቀ፣ ድምፁም ጠፋ። መልሼ አጠበቅኩት።

ዝዝ! ዝዝ! ዝዝዝ!

አሁን ተቆጥቷል።

ክፍሉ ውስጥ የሚናገር ነገር ነበር። እኛ አንሰማውም። ስኔሩ ይሰማዋል።

ያኔ የእህቴ ድምፅ በማዳመጫዬ መጣ።

"እሺ ጋሼ።"

አላናገርኳትም።

"ምን አልሽ?"

"እሺ አልኩህ እኮ። የቱ ጋ ነው?... አይ፣ ተወው፣ አገኘሁት።"

አንገቴን አስግጌ በክፍሎቻችን መሃል ባለችው ትንሽ መስታወት አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ድምፅ እንዲውጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ እየላጠች ነው።

"ሚጣ! ተይ!"

"ውይ ጋሼ! አንዴ ክፈቺ፣ አንዴ ተይ... አንዱን ምረጥ እንጂ!"



ሲምባሉን ከነመቆሚያው ገፍትሬ ሮጥኩ። ስደርስ ከስፖንጁ ሥር በር አለ። አሮጌ የእንጨት በር። መቀርቀሪያው በእኛ በኩል ነው። እጇ እሱ ላይ ነው፤ ግማሽ መንገድ ስባዋለች።

እጇን ያዝኩ።

"ያናገርኩሽ እኔ አይደለሁም" አልኳት በሹክሹክታ።

ልትስቅ ነበር። ፊቴን ስታይ ሳቋ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ማዳመጫዋን ቀስ ብላ አውልቃ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

የራሴ ድምፅ ነው...

"ሚጣዬ... በረደኝ። ክፈቺልኝ።"

"መብራቱን አጥፋው!" ብዬ ጮህኩ። ጆሮ የስቱዲዮውን ቆጣሪ ዘጋው። ሁሉም ጨለመ። ማዳመጫው ጸጥ አለ።

ስኔር ግን መብራት አይፈልግም።

ከወዲያኛው ክፍል፣ በጨለማው ውስጥ... ዝዝዝ... ዝዝ...

መቀርቀሪያውን በዳበሳ መለስኩት። ሦስታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እየተደናቀፍን ደረጃውን ወጣን። የሕንፃው ባለቤት በር ላይ ጥላ ይዘው ተቀምጠው ነበር።

"አባባ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ያለው በር ወዴት ነው የሚያወጣው?"

"የምን በር?" አሉኝ። "ከዚያ ግድግዳ ወዲያ እኮ አፈር ነው ልጄ።"

ዘፈኑን ሌላ ቦታ ቀዳነው። ሰውም ወደደላት። ጆሮ ስቱዲዮውን ለቆ ሌላ ተከራየ። እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ ከሌላ ክፍል ብጠራት መልስ አትሰጥም። መጥታ ፊቴን ታያለች። ከዚያ ነው "አቤት" የምትለው።

አንድ ነገር ግን ለእሷም አልነገርኳት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ድራሜን ለማውጣት ከጆሮና ከባለቤቱ ጋር ወርደን ነበር። ቁልፉ ያደረው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ከፈቱልን። መብራቱን አበራን።

ገፍትሬ የጣልኩት ሲምባል ተነስቶ ቆሟል።

እኔ በቀኝ እጄ ነው የምመታው። ድራሙ ግን በሙሉ ተገልብጦ ለግራኝ መቺ ተስተካክሏል። ሁሉም ነገር... በእግር እስከሚረገጠው ፔዳል ድረስ። ወንበሩ እኔ ብቀመጥበት ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ ድረስ ዝቅ ተደርጓል።



ትልቁ ሲምባል ገና እየተወዛወዘ ነበር።