መሐሉን ማንም አይለካም

ሃቲ ብራንድስማን ከኩሬው ያወጧት ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆቹ ሊመጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ነው። መርማሪ ኢርማ ታልማን ከአውራጃው ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ አስከሬኑ በሱፍ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ዳር ላይ ተጋድሟል። ከብርድ ልብሱ ሥር ነጭ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎቿ ብቅ ብለዋል፤ ማሰሪያቸው ድርብ ተቋጥሯል። ሃቲ ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኦልደር ግሮቭን ልጆች በረዶ ላይ መሄድ ያስተማረች ሴት ናት። ኢርማንም በዘጠኝ ዓመቷ እጇን ይዛ ያስተማረቻት እሷው ነበረች፤ ያን ድርብ ቋጠሮ ጭምር።

ኢርማ ቋጠሮውን አይታ ፊቷን ወደ ኩሬው አዞረች። ማልቀስ እንዳማራት ማንም እንዲያይ አልፈለገችም።

ከኩሬው ዳር ምሰሶው ላይ አረንጓዴ ባንዲራ ይውለበለባል። አረንጓዴ ማለት በረዶው ይሸከማል፣ ግቡ ማለት ነው። ባንዲራውን የሰቀለው ሩዲ ኮስተር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የበረዶ መሰርሰሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። ሩዲ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የቀበሌውን መናፈሻ የሚጠብቀውና በየጠዋቱ በረዶውን የሚለካው እሱ ነው።

«ስንት ለኩ፣ አቶ ሩዲ?»

«አምስት ኢንች። ሦስቱም ጉድጓድ አምስት። አራት ከሞላ አረንጓዴ እሰቅላለሁ፣ ዛሬ አምስት ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ዓይኔ ደክሞ ነው እንጂ እንዴት ይሆናል? ሃቲን እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ኢርማ። ወረቀቱን አምጪና ልፈርም።»

«ቀስ ይበሉ እንጂ። ጉድጓዶቹ የት የት ናቸው?»

«እንደ ድሮው ነዋ፣ ከዳር ሃያ ሃያ እርምጃ።»

«መሐሉንስ?»

«መሐሉን ማንም አይለካም። የአየር ቱቦው ከበረዶው ሥር ተንሳፍፎ ያለው እዚያ ነው። ጥንት አንዱ ቸኩሎ በመሰርሰሪያ በሳውና ከዚያ ወዲህ ክልክል ሆነ። ሞተሩ እስካልተነሳ ድረስ ደግሞ መሐሉም ዳሩም አንድ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሞተር በብርዱ ወራት ዓሦቹ ታፍነው እንዳያልቁ ለኩሬው አየር ይነፋል። ሲነፋ ግን በረዶውን ከሥር ይበላዋል። አንድ ኩሬ፣ ሁለት ጌታ! በብርዱ ጊዜ ተንሸራታቾቹ ይፈልጉታል፣ በጸደይ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ። የቀበሌው የመዝናኛ ኮሚቴ በኅዳር ተሰብስቦ የበረዶው ወቅት እስኪያልቅ ሞተሩ እንዳይነሳ ወስኖ ነበር።

ሃቲ ደግሞ ልማድ ነበራት። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ብቻዋን መሐል ለመሐል አንድ ጊዜ ትሻገራለች። «እኔን ከተሸከመ እናንተን ይሸከማል» ትላቸው ነበር። ዛሬ አልተሸከማትም።

የእሳት አደጋ ሰዎች መሰላል በረዶው ላይ ዘርግተው ከተሰበረው ቦታ አንድ ቁራጭ አመጡላት። ኢርማ ጓንቷን አውልቃ ዳበሰችው። ውፍረቱ አንዲት ጣት ነው። ላዩ ሻካራ፣ ሥሩ ግን አልቆ እንደተጣለ ሳሙና ልስልስ ያለ። ቁራጩን ለሩዲ አላሳየችውም፤ ሳታረጋግጥ ተስፋ ልትሰጠው አልፈለገችም።

ከኩሬው በስተጀርባ ሁለት ትናንሽ የቆርቆሮ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ የመሣሪያ፣ አንዱ የሞተሩ። ከማክሰኞ ወዲህ በረዶ አልጣለም። የመሣሪያው ቤት ጣሪያ ላይ የማክሰኞው በረዶ ስንዝር ሙሉ ተከምሯል። የሞተሩ ቤት ጣሪያ ግን ራቁቱን ነው። ቁልፉ አልተሰበረም። በሩዲ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ሞተሩ ዝም ብሏል፣ ገመዱም ከሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተኝቷል።

«የዚህ ቤት ቁልፍ ስንት ሰው ጋ አለ?»

«ሦስት» አለ ሩዲ። «እኔ ጋ፣ የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ፓውላ ጋ፣ ዓሦቹን የሚከታተለው ዌንደል ጋ።»

ዌንደል የሃቲ ባል ነው።

ሩዲን ወደ ቤቱ በመኪናዋ ወሰደችው። ቤቱ ከነዌንደል ቤት ፊት ለፊት ነው። ሩዲ በመስኮቱ ያንን ቤት እያየ፦

«ሐሙስ ዕለት እንኳ ስለ በረንዳዋ መብራት ስታጉረመርምብኝ ነበር» አለ። «የገና መብራቷን እስከ ጸደይ አታወርድም፣ ታውቂያታለሽ። ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል። ሦስት ሳምንት ጨለማ ሆነባት። ‹ዌንደል ሰዓት ያለው ሶኬት ተበላሽቷል ይለኛል፣ አይጠግነው፣ አይገዛልኝ› አለችኝ። አይ ሃቲ! ለመብራት ስትጨነቅ…»

«ምንም እንዳይፈርሙ» አለችው ኢርማ። «ዐቃቤ ሕጉ ቢደውልም እንዳይፈርሙ።»

«ማክሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ በሁሉም ፊት እፈርማለሁ። ሃምሳ ዓመት ጎረቤቴ ነበረች፣ ምን ፊት አለኝ?»

ኢርማ ይህን ሰው ታውቀዋለች። እፈርማለሁ ካለ ይፈርማል። የቀራት ሦስት ቀን ነው።

ፓውላ ግሪንድስታፍ ከከተማ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የኦልደር ግሮቭ ሰው እስካሁን «ያቺ አዲሷ» ነው የሚላት። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ የመናፈሻው ካርታና የዓመቱ ፕሮግራም ተለጥፏል።

«ሁሉም እኔን እንደሚጠረጥር አውቃለሁ» አለች ኢርማ ገና ሳትቀመጥ። «የበረዶው ፕሮግራም ይቅር እያልኩ የተከራከርኩት እኔ ነኛ! ኢንሹራንሱ አስጨንቆኝ ነው። ሰው ይሙት አላልኩም።»

«ቁልፍሽስ?»

«ከመሳቢያዬ ወጥቶ አያውቅም። ይኸው፣ የታሸገበት ፖስታ እንኳ አልተቀደደም።»

እውነቷን ነበር። የመረከቢያ ፊርማው በፖስታው ክዳን ላይ እንዳለ ነው። ኢርማ ወደ ፕሮግራሙ ዞረች። ግንቦት ላይ «የፒተር ቀን፣ የልጆች ዓሣ ማጥመጃ» ከሚለው አጠገብ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ተደርጓል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አምና ዓሦቹ በብርዱ ታፍነው አለቁና ቀኑ ተሰረዘ። ደንቡ ደግሞ ሁለት ዓመት በተከታታይ የቀረ ፕሮግራም ቦታውን ለሌላ ይለቃል ይላል። ከዚያ ወዲህ የጨመርናቸውም ዘንድሮ ካለቁ…» ፓውላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፒተር የሃቲና የዌንደል ልጅ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። እኔ አላየሁትም፣ ቀኑን ነው የማውቀው።»

«ሃቲ ሰሞኑን መጥታ ነበር?»

«ሐሙስ መጣች። ለማክሰኞ ስብሰባ አንድ ማመልከቻ አስገባች፤ ዛሬ የመጨረሻው የበረዶ ቀን እንዲሆን፣ ወቅቱ አንድ ወር እንዲያጥር። እሷ! ለአንዲት ቅዳሜ ከእኔ ጋር የምትሟገተው ሃቲ! ደስ ብሎኝ ምክንያቱን እንኳ በቅጡ አላነበብኩም። እስከ ማክሰኞ ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች።»

ኢርማ ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበችው። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች።

ዌንደል ብራንድስማ በሩን የከፈተላት ቀትር ላይ ነው። ጎረቤት ያመጣው ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶታል፤ አንዱም አልተነካም። ሰውዬው በአንድ ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አቶ ዌንደል።»

«አሜን። ሩዲን አትክሰሱት» አለ ወዲያው። «ለመንኩሽ። እሱ ምንም አላጠፋም።»

«አጥፍቻለሁ እያለ ነው እኮ።»

«ይበል። አላጠፋም።»

ስትወጣ በረንዳው ላይ ጎንበስ አለች። የመብራቱ ገመድ ሰዓት ባለው ሶኬት ላይ ተሰክቷል።

«ተሠራ እንዴ?»

«ዛሬ መለስኩት። ሃቲ መብራቱን ትወደው ነበር።»

ኢርማ የሶኬቱን ጥርሶች አየች፤ ማብሪያና ማጥፊያ ሰዓቱ የሚሞላው በእነሱ ነው። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህን እውነት ግን ባይነጋ በወደደች ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። የኮሚቴው አባላት ከፊት ተደርድረዋል። ፓውላ ከካርታው ሥር፣ ዌንደል ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሩዲ የበረዶ መሰርሰሪያውን ሊያስረክብ ይዞት መጥቷል፤ የእምነት ክህደት ወረቀቱ ፊቱ ተዘርግቷል። ብዕሩን ሲያነሳ ኢርማ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«መጀመሪያ እኔን ስሙኝ» አለች። «አቶ ሩዲ አልተሳሳቱም። ቅዳሜ ጉድጓዶቹን እኔም ለካኋቸው። ሦስቱም አምስት ኢንች ናቸው።»

ሩዲ ቀና አለ።

«ሃቲ የሰመጠችበት በረዶ ግን አንድ ጣት ነበር፣ ከሥሩ ተበልቶ። ከሥር የሚበላ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩ። ሞተሩ መነሳቱን ደግሞ ጣሪያው ነገረኝ። የጎኑ ቤት ጣሪያ በረዶውን እንደያዘ፣ የሱ በረዶ ብቻ በሞተሩ ሙቀት ቀለጠ። በሩ አልተሰበረም፣ ስለዚህ የገባው ቁልፍ ያለው ሰው ነው። የፓውላ ቁልፍ ከታሸገበት አልወጣም።»

«ታዲያ እኔ ነኛ!» አለ ሩዲ።

«እርስዎ ሞተሩን አንስተው ቢሆን ኖሮ በረዶውን ለክተው ባንዲራ አይሰቅሉም፤ ቀይ ሰቅለው ይሄዱ ነበር። ደግሞም ጥፋተኛ ልባል ብሎ የሚለምን ሰው ሞተር አንስቶ አይደብቅም።» ወደ ተሰብሳቢው ዞረች። «ሞተሩ ቀን አልተነሳም፤ ተነስቶ ቢሆን አቶ ሩዲ ይሰሙት ነበር። ሌሊት ሌሊት፣ በራሱ እየተነሳ በራሱ የሚጠፋ ነበር። ለዚህ ሰዓት ያለው ሶኬት ያስፈልጋል። የሃቲ በረንዳ ሦስት ሳምንት ጨለማ ነበር። በሞተች ዕለት ሶኬቱ ተመለሰ። የበረንዳ መብራት ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ነው የሚበራው። ያ ሶኬት ግን የተሞላው ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ነው። ሰዎች ሁሉ ሲተኙ የሚነሳ፣ አቶ ሩዲ ለመለካት ከመምጣታቸው በፊት የሚጠፋ።»

ማንም ወደ መስኮቱ ለመዞር አልደፈረም።

«ጥርሶቹን መመለስ ረሳሁ» አለ ዌንደል።

«ዌንደል?» አለ ሩዲ።

«ዘንድሮ ከቀረ የልጄን ቀን ሊሰርዙት ነው። ስሙን የሚጠራ ሌላ ምን ቀረኝ? ሌሊት ብቻ ከነፋ፣ ጠዋት ብርዱ መልሶ ይዘጋዋል ብዬ አሰብኩ። ሁለት ቅዳሜ ተሻገረች፤ ምንም አልሆነችም። ዓርብ ዕለት ፀሐይ ወጣ፤ እኔ ደግሞ ስለ ፀሐዩ አላሰብኩም። ጠርተውኝ ስደርስ ሁሉም እሷን ከቧል። እኔ… እኔ ወደ ሞተሩ ቤት ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሚስቴ መሬት ተኝታ፣ እኔ ሶኬት እነቅላለሁ!» ወደ ሩዲ ዞረ። «ሦስት ቀን አንተ ስታለቅስ በመስኮት አየሁህ፣ ሩዲ። አፌ አልከፈት አለኝ።»

ፓውላ ከዓይኗ እንባ እየወረደ ለኢርማ ራሷን ነቀነቀች፤ አታንብቢው ማለቷ ነበር። ኢርማም ባታነበው በወደደች። ግን ወረቀቱ አጀንዳ ነው፣ ነገ በቃለ ጉባኤ ይወጣል፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ይሻላል።

«ሃቲ ሐሙስ ያስገባችው ነው» አለች፤ አነበበች። «‹የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻው የበረዶ ቀን ይሁን። ልጆቹን እኔው አስረዳቸዋለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ሞተሩ ይነሳ። ዌንደል የፒተርን ዓሦች ሲያስብ እንቅልፍ አጥቷል፤ ለእኔ ብሎ ግን አይጠይቅም። እስክትወስኑ አትንገሩት፣ እኔ ልንገረው።›»

«ረቡዕ?» አለ ዌንደል።

«ረቡዕ።»

«አራት ቀን ብቻ?»

ሩዲ ተነሳ። የማይፈርመውን ወረቀት አልፎ፣ መሰርሰሪያውን ወለሉ ላይ ትቶ፣ ሄዶ ከዌንደል አጠገብ ተቀመጠ። እጁን አልያዘውም፤ ትከሻው ግን ትከሻውን ነክቷል።

«ዓሦቹስ?» አለ ዌንደል በመጨረሻ፤ ድምጹ አይሰማም ለማለት ይቻላል።

ሩዲ ወደ እሱ ዞረ።

«አሉ» አለው። «ሃቲን ስናወጣት ዙሪያዋን ሞልተው ነበር።»