ጨፌው የተከሰሰበት ሞት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ከኋላ ያላችሁም ወደፊት ኑ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሴት አሟሟት ነው። ደስ አይልም፤ ግን መሰማት አለበት።

ከሰበታ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ በክረምት ሞልቶ የሚተኛበት ጨፌ አለ። መንገደኛ ሲያየው ጭቃና ሣር ነው። ውኃው ሲተኛበት ግን ትንኙና የእሳት ራቱ ይፈላል። አመሻሽ ላይ የሌሊት ወፎች ከአሮጌዎቹ ሾላዎች ቀዳዳ እየወጡ ያንን ይለቅማሉ፤ ልጆቻቸውንም በዚያ ያሳድጋሉ። ገነት የምትባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ እነሱን ስታጠና ከረመች። ለገበሬዎቹም፣ «ጨፌው ከተደፈነ እነዚህ ይሄዳሉ። ሰብላችሁን የሚጨርሰውን ተባይ ያኔ ማን ይለቅምላችኋል?» ትላቸው ነበር። የጨፌው ባለይዞታዎች ሜዳውን ለመጋዘን ይስጡ አይስጡ ሊመክሩ ለእሑድ ተቀጣጥረዋል።

እሑድ ሳይደርስ ገነት ውኃው ውስጥ ሞታ ተገኘች።

ኢንስፔክተር ፀሐይ ጠዋት ስትደርስ አስከሬኑ ከውኃ ወጥቶ ነጠላ ለብሷል። ፀሐይ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ጠይቃ ዝም ማለት ትወዳለች። ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ከገነት ጆሮ በስተኋላ ቁስል አለ። እግሯ ላይ ጫማ የለም፤ ወፍራም ካልሲ ግን አለ።

«ጫማዋስ?»

የጎማ ቦቶቿ ዳር ላይ ነበሩ፤ በታጨደ ሣር ላይ አፋቸው ወደታች ተደፍተው ተቀምጠዋል። ውኃው ውስጥ በሁለት ቋሚ መካከል የሌሊት ወፍ መያዣ መረቧ ተዘርግቷል። የታችኛው ጠርዙ ጠልቆ፣ የተያዙት የሌሊት ወፎች እዚያው ሰምጠው ሞተዋል። ትላንት ከቀትር በኋላ የመጣው ጎርፍ በየቁጥቋጦው ላይ ጭድና ፌስታል አንጠልጥሎ ሄዷል። መረቡ ላይ ግን አንድ ጭድ የለም።

መጋዘኑን ሊሠራ የሚፈልገው ዘርሁን ከቡራዩ በመኪናው ከተፍ አለ። «ያሳዝናል፣ ኢንስፔክተር። ስንቴ ብያለሁ፣ ይህ ጨፌ ሰው በላ ነው! አደጋ ነው ብለው ይፈርሙ፤ እኔ አፈር ደፍቼ አደጋውን ከነምንጩ አጠፋዋለሁ።»

«ፊርማዬን ቸኮሉበት» አለችና ወደ እዮብ ዞረች። እዮብ የገነት የሥራ ባልደረባ ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«መረቡን አብራችሁ ነው የዘረጋችሁት?»

«ትላንት? አልዘረጋንም እኮ! ዝናብ ስለነበረ እንተወው ተባብለን እኔ ከተማ ገባሁ። ውኃው የት እንደደረሰ አይቼ እመለሳለሁ ብላኝ ነበር።» መረቡን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ገነት አልሰቀለችውም። ታችኛው ጠርዝ ውኃ ከነካ እንስሳዋ ትሰምጣለች። አንድ ቀን ከውኃው በአንድ ክንድ ብቻ ከፍ አድርጌ ሰቅዬው፣ ‹እዮብዬ፣ ነፍሰ ገዳይ!› ብላ አሳቀችብኝ።»

ኦቦ መገርሳ ከሱሉልታ፣ ከአማታቸው ለቅሶ፣ በማለዳው ሚኒባስ ገና መግባታቸው ነው። ገነት እሳቸው ቤት ነበር የተከራየችው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ መገርሳ?» አለች ፀሐይ፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

«ምን ደኅና አለ ልጄ። እንደ ልጄ ነበረች እኮ። አንድ ቀን አንዷን የሌሊት ወፍ በእጇ ይዛ፣ ‹ኦቦ፣ ይቺ እኮ ታጠባለች› አለችኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ወፍ ትመስለኝ ነበር።»

«መረቧን የት ነበር የምታስቀምጠው?»

«ጓሮ ካለችው ክፍል። ቁልፉ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔ፣ ልጄ ሙሴ፣ እዮብም ያውቀዋል።»

«እናንተ ጨፌ ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ?»

«ታዲያስ! ጭቃው ጫማሽን ይዞ ያስቀርብሻል። በባዶ እግራችን ነው የምንገባው። ጫማውን ሣር አንጥፈን እንደፋዋለን፤ አለዚያ አልቅት ይገባበታል።»

«ገነትስ?»

ሽማግሌው በሐዘናቸው መሐል ፈገግ አሉ። «እሷ? አልቅት ስትፈራ! ቦቷን ሳታደርግ አንዴም ገብታ አታውቅም። አብሬያት ስወርድ እስቅባት ነበር።»

ሽማግሌው ምን እንደተናገሩ አላወቁም።

ሙሴ ባጃጁን ተደግፎ ቆሟል። «ሙድ የለኝም፣ ኢንስፔክተር። ቶሎ በይ።»

«ትላንት አመሻሽ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ። ፉሪ ሰው አድርሼ ገባሁ።»

«ከገነት ጋር ጨፌ ወርደህ ታውቃለህ?»

«እኔ? የሌሊት ወፍ ላይ? አባዬ ይበቃል፤ እሱ ፍቅር ይዞታል። መጋዘኑ ሲቆም እኔ የጥበቃ ኃላፊ ነኝ፤ ጋሽ ዘርሁን ቃል ገብቶልኛል። ዕድሜ ልኬን ጭቃ ስረግጥ ልኑር?»

«እንዴት የሞተች ይመስልሃል?»

«ምን ያስመስላል? ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ አዳለጣት፣ አለቀ። ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚገባው?»

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አራቱንም ከሾላው ሥር ሰበሰበቻቸው። የመንደሩም ሰው ዙሪያውን ቆሟል።

«ውኃው ተከሷል» አለች። «እስኪ ፍርዱን እንየው። ገነት ጫማዋን ራሷ አውልቃ ብትገባ ኖሮ ካልሲዋንም ታወልቅ ነበር። ቦት አውልቆ በካልሲ ጭቃ የሚገባ ሰው አለ?»

አንዲት ሴት፣ «የለም» አለች ከኋላ።

«ስለዚህ ያወለቀላት ሌላ ነው። መረቡም ጎርፉ ሲመጣ አልነበረም፤ ቢኖር ጭዱን ይይዝ ነበር። ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ሥራ ላይ ነበረች ለማሰኘት ተሰቀለ። የሰቀለው ሰው የታችኛው ጠርዝ ውኃ እንደማይነካ አያውቅም። እዮብ ያውቃል፤ ገነት ራሷ አስተምራዋለች።»

ዘርሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ስለ መረብ አላውቅም። ታዲያ እኔ ነኝ?»

«አይደሉም። እርስዎ መረቡ ያለበትን ክፍል ቁልፍ የት አግኝተው? ደግሞ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ቦቷን አያወልቁላትም ነበር። የከተማ ሰው ቦት ለውኃ የተሠራ ነው ብሎ ያስባል፤ ከነቦቷ ይተዋት ነበር። ይህ ሰው ግን ‹ጨፌ የገባ ሁሉ ጫማ ያወልቃል› ብሎ አስቦ አወለቀላት። ለሞተች ሴት ሣር አንጥፎ፣ አልቅት እንዳይገባበት ደፋው። እጁ ከልጅነቱ የለመደውን ነው የሠራው።»

ፀሐይ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ ድምፅዋ ይበልጥ ዝግ አለ። «ኦቦ መገርሳ፣ እርስዎ ሱሉልታ ለቅሶ ላይ እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል። ጠዋት ስለ ገነት ቦት የነገሩኝን በሰው ፊት ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። አሁን ገብቷቸዋል።

«ኦቦ» አለ ዘርሁን ፈጠን ብሎ፣ «ዕድሜ ነው፤ ዘንግተውት ይሆናል። አንዳንዴም በባዶ እግሯ ትገባ ነበር፣ አይደል? አደጋ ከሆነ ማንም አይጎዳም።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰውዬው በአንድ ቃል ልጃቸውን ማዳን ይችሉ ነበር። ያን ቃል ቢናገሩ ጨፌው ሰው በላ ተብሎ ይደፈን ነበር፤ ገነትም በራሷ ስሕተት ሞተች ይባል ነበር።

«አልዘነጋሁም» አሉ። «ቦቷን ሳታደርግ አንዴም አልገባችም። ውኃው አልገደላትም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዱጋዳ፣ ሙሴ? እውነት ነው?»

ሙሴ ወደ አባቱ ተጠጋ። «ልገድላት አይደለም አባዬ! እሑድ ስብሰባው ላይ አትናገሪ አልኳት። ሳቀችብኝ። ገፋኋት፣ ድንጋዩ ላይ ወደቀች... ከዚያ ዝም አለች። ዝም ስትል ምን ላድርግ?»

«ትጠራኛለህ» አሉ ሽማግሌው። «ሱሉልታ ቅርብ ነበር።»

በካቴና ሲወስዱት ቀና ብለው አላዩም።

እሑድ ባለይዞታዎቹ ተሰብስበው ጨፌውን አንሰጥም አሉ። ዘርሁን አልተከሰሰም፤ ሥራ ቃል መግባት ወንጀል አይደለም። ከወንዙ ማዶ ሌላ ሜዳ አግኝቶ ገልባጮቹ አፈር ያራግፉበት ጀመር። እዚያ የነበሩት ሾላዎች ተቆርጠዋል፤ የሌሊት ወፎቻቸውም ጥቂቶች ብቻ ወዲህ ተሻግረዋል። የቀሩት የት እንደገቡ እዮብም አላወቀም። ኦቦ መገርሳ ልጃቸውን ሊጠይቁ በየሳምንቱ ምግብ ቋጥረው ይሄዳሉ። ሙሴ ምግቡን ይቀበላቸዋል፤ አያናግራቸውም።

እናንተ ግን፣ ልጆቼ፣ በዚያ ስታልፉ ሜዳ ላይ የተኛ ውኃ ብታዩ «ባዶ መሬት» አትበሉት። ገነት የምትባል ሴት ነበረች። አደራ፣ ስሟን አስታውሱልኝ።